ሰባት ወርና ሦስት ቀን

በጥረዛ ቤቱ ፀሐይ በር አታውቅም። የምትገባው ከጣሪያው መስታወት ነው፤ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን አንጥፋ ቀኑን ሙሉ እንደ ሰነፍ ድመት ከግድግዳ ግድግዳ ስትንፏቀቅ ትውላለች። የወረቀት ብናኝ ውስጧ ይዋኛል። እዚያ ቤት ብዙ የተቀመጠ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ለራሱም ያጠራጥረዋል።

ሁለት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ታናሺቱ ጠራዥ ናት፤ የተበተነ መጽሐፍ ክፍል በክፍል ደርድራ ሰም በጠጣ ክር ትሰፋለች። ታላቂቱ ሽፋን ታለብሳለች፤ ሙጫው፣ ካርቶኑ፣ ጨርቁ የእሷ ነው። አልባሿ ሙስሊም ናት፤ ሶላቷን አታዛንፍም። ጠራዥዋ ደግሞ ፈጣሪ የለም ባይ ናት፤ ያውም በሆዷ የምትይዘው ሳይሆን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም የምትናገር።

ጠራዥዋ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም። የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ስትሰፋ ካነበበችው ነው። ስለዚህ እውቀቷም እንደ መጽሐፎቹ መሐሉ የተገነጠለ፣ መጨረሻው የጠፋ ነው። የልብን አሠራር ታውቃለች፣ የኩላሊትን አታውቅም፤ አንድ ንጉሥ ዘውድ ሲጭን አንብባለች፣ መሞቱን ግን እስካሁን አልሰማችም። ይህን የነገራት ሰው ወዮለት። «እኔ ያላነበብኩት ገና ያልተጻፈ ነው» ትላለች አንገቷን ቀና አድርጋ። አልባሿም «ሊቋ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ግማሹ ፌዝ፣ ግማሹ ፍቅር።

«እትዬ፣ ግንባርሽን መሬት አስነክተሽ ማንን ነው የምታናግሪው?» አለቻት ሊቋ አንድ ቀን።

«አንቺ ስትሰፊ ከክርሽ ጋር ታወሪ የለ?»

«ክሩ እኮ አለ።»

«መልሶልሽ ያውቃል?»

ሊቋ ክሩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ወደዚህ ቤት የገቡት ከሰባት ወር በፊት ነው። የመጀመሪያው ቀን አልባሿ መስገጃዋን ታቅፋ መሐል ወለል ላይ ቆማ ቀረች። ቂብላውን፣ ለሶላት የሚዞሩበትን የመካን አቅጣጫ፣ የሚጠቁም መስኮት የለ፣ በአቅራቢያው መስጊድ የለ። ሊቋ ብድግ አለች። ከአንድ የተበጣጠሰ የተማሪ መጽሐፍ ስለ ኮምፓስ አንብባለቻ! ካርታ ዘርግታ ከከተማቸው እስከ መካ ክር ወጠረች። ከዚያ ትንሿን ኮምፓሷን ከመጭመቂያው ሥር ወለሉ ላይ አኖረች፤ መጭመቂያው የተጣበቁ መጽሐፎች እስኪደርቁ የሚጫናቸው፣ ዝሆን የሚያህል ብረት ነው። መርፌው ሲረጋ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። መስመሩ በደበዘዘ ቁጥርም እሷው ታድሰው ጀመር።

የአልባሿ ወንድም ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «የማታምን ሰው ባሰመረችው ትሰግጃለሽ?»

«አታምንም፤ ግን አትዋሽም» አለችው እህቱ።

ይህንኑ መጥታ ለጠራዥዋ አጫወተቻት። ጠራዥዋ ብዙ ሙገሳ ሰምታለች፤ አብዛኛውን ለራሷ የሰጠችው ራሷ ናት። ይህኛው ግን ደረቷ ውስጥ ገብቶ እንደ እንግዳ በክብር ተቀመጠ።

አንድ ሰኞ ያው የተማሪ መጽሐፍ፣ ሌላ ቅጂ፣ ለጥረዛ መጣ። በፊተኛው የጎደለው ክፍል በዚህኛው አለ። መርፌዋን እየወጋች ዓይኗን ጣል ብታደርግ እንዲህ ይላል፦ ኮምፓስ ከትልቅ ብረት አጠገብ አይነበብም፤ ብረቱ መርፌውን ይስበዋል።

እጇ ላይ ክሩ ቆመ።

አልባሿ ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ፣ ወጥታ ነበር። ጠራዥዋ ኮምፓሱን ይዛ ከብረቱ ሸሸች፤ መርፌው እንደ ነቃ ሰው ተገላበጠ። ሰባት ወር ሙሉ ያደሰችው መስመር የሚሄደው ወደ ሙጫው ቁምሳጥን ነው። ትክክለኛው አቅጣጫ በበሩ በኩል ነው።

አልባሿ ክንዷ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰች፣ በአሮጌው መስመር ላይ መስገጃዋን ዘረጋች። ጠራዥዋ ኮምፓሱን ኪሷ ከተተች። «አውቄ የቀለድኩባት ቢመስላትስ? ወንድሟስ ምን ይላል?» ብላ ነገ እነግራታለሁ አለች። ማክሰኞም ነገ አለች። ረቡዕ እንቅልፍ ሲጥላት ወለሉ ራሱ የኮምፓስ መርፌ ሆኖ ሲሽከረከር አየች፤ እትዬ መሐሉ ላይ ተንበርክካለች፣ ብርሃኑ አብሯት ይዞራል፣ እሷ ግን ቀና ብላ «አትዋሽም፣ አትዋሽም» ትላለች።

ሐሙስ፣ የቀትሩ ሶላት ዙሁር ሊሰገድ ሲል፣ ጠራዥዋ መስመሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ አትስገጂ። ተሳስቻለሁ። ብረቱ መርፌውን ስቦት ነው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

አልባሿ ቁምሳጥኑን አየች፣ በሩን አየች።

«ፈልጎ፣ የቻለውን ጥሮ የተሳሳተ ሰው ሶላቱ አይወድቅበትም» አለች ቀስ ብላ። «ፊቴ ወደ ሙጫው ቢሆንም ለሙጫው አልሰገድኩ።»

ጠራዥዋ ትንፋሿ መለስ ሲል፣ አልባሿ ጠየቀቻት፦

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ሰባቱን ወር አላህ ያውቀዋል። ሦስቱን ቀን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

መስገጃዋን ጠቅልላ ወጣች። ጓሮ ጥላዋን አይታ፣ አቅጣጫውን ገምታ ሰገደች። ተመልሳም ሥራዋን ያዘች። ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚሰማው የሙጫ ብሩሽ ብቻ ነበር፤ ሸርተት፣ ሸርተት። የብርሃኑ አራት ማዕዘን ሁለቱን ለየብቻ እየዳሰሰ አለፈ። ጠራዥዋ ሦስት ጊዜ አሳስታ ሰፋች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ከንግዲህ በዚህ ጠረጴዛ ብቻዋን የምትቀር መሰላት።

የአስር ሶላት ደረሰ። ብሩሹ ቆመ።

«ጠመኔውን አምጪ።»

ጠራዥዋ ቀና አለች። «ወንድምሽ መጥቶ ያስምርልሽ።»

«ወንድሜ ግራና ቀኙን የሚለየው በእጅ ሰዓቱ ነው። አምጪ አልኩሽ።»

«ደግሜ ብሳሳትስ?»

«ትነግሪኛለሽ። በዚያው ቀን።»

ጠራዥዋ መቀሷን ከኪሷ አወጣች፣ መርፌዎቿን ከደረቷ ነቀለች፣ የፀጉሯን ጌጥ ሳይቀር ፈታች። አልባሿ ካርታው ላይ የሚወጠረውን ክር ጫፍ ይዛ ጠበቀች።

«ጥርስሽንም አውልቂው እንጂ፣ ብረት ሳይሆን አይቀርም።»

«ምላሴ ነው ብረቱ፣ እትዬ።»

«እሱማ ዝጓል።»

ከብረቱ ርቃ አራት ቦታ ለካች፤ አራቱም አንድ ነገር ተናገሩ። አዲሱን መስመር አሰመረችና አሮጌውን ልታጠፋ ጨርቅ አነሳች።

«ተይው» አለች አልባሿ። «እያየሽው ስፊ።»

ብርሃኑ በሁለቱ መስመሮች መሐል ተንጋሎ ነበር። አልባሿ በአዲሱ ላይ ቆመች። ጠራዥዋ መርፌዋን አነሳች፤ ከክሩ ጋር ግን አላወራችም። እትዬ እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀቻት።