የከረመ ልጣጭ

በቡና መፈልፈያው ግቢ «ልጣጮ» ነበር የሚሏት። ማሽኑ ቀዩን ፍሬ ፈልፍሎ የሚተፋውን ልጣጭ ሌላው በአካፋ ወደ ጉድጓድ ሲወረውረው፣ እሷ በዘንቢል እያፈሰች ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ሥራዋ ቡና ማጠብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከውሃ ያልወጡት እጆቿ ተሰነጣጥቀው ልብስ ሲነኩ ክር ይመዙ ነበር። አንድ ቀን ትኩስ ልጣጭ ስታፍስ ከዋለች በኋላ እጇ ለስለስ ብሎ አገኘችው። ከዚያማ ማን ይቻላት! ሁለት ዓመት ሞከረች፤ አበላሽታ ደፋች፤ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ልጣጩን በተፈለፈለበት ዕለት አስጥታ፣ ሲደርቅ ወቅጣ፣ በዘይት ዘፍዝፋና አጥልላ ከሰም ጋር ስታቀልጠው ደህና ቅባት ወጣው። የግቢው ሴቶች ሁሉ እጃቸው አገገመ። ፌዙ ቀረ፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ።

ታናሽ ወንድሟ ፋርማሲስት ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ አሠራሩን አንድ በአንድ ጠየቃት፤ የእናቷ ልጅ ነውና ሳትደብቅ ነገረችው። ስድስት ወር ሳይሞላ ቅባቱ በነጭ ብልቃጥ ተሞልቶ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ካርቶኑ ላይ «የፋርማሲስቱ ግኝት» ይላል። ሄዳ ለእናታቸው ከሰሰችው። እሳቸው ግን ወንድምሽ ነው፣ የእሱ ማደግ ላንቺም ነው አሏት። እሷም ዋጥ አደረገችው።

ከዚያ ቡና የምትለቅመው ጓደኛዋ ሥራ ቀረች። ልትጠይቃት ብትሄድ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተደፍኗል።

«ያንቺው መስሎኝ እኮ ነው የተቀባሁት» አለቻት ጓደኛዋ።

የጓደኛዋን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተችው። ኮምጥጧል። የግቢውን ዘበኛ ስትጠይቀው፣ የወንድሟ መኪና ጉድጓድ ውስጥ የሰነበተውን ሻጋታ ልጣጭ በየሳምንቱ እየጫነች እንደምትሄድ ነገራት። በዕለቱ ማስጣት ጊዜ ይፈጃላ!

ከነሥራ ቦቲዋ፣ ወለሉን ጭቃ እያደረገች ፋርማሲው ገባች። ደንበኞች ተሰልፈዋል። ወንድሟ ፈገግ ብሎ ወደ ጓዳ እንግባ አላት። ንቅንቅ አላለችም።

«ሥራዬን የኔ ነው ስትል ዝም አልኩህ» አለችው። «የሰው ፊት ግን ስታቃጥል ዝም አልልህም። የበሰበሰ መሆኑን እያወቅህ ነው የሸጥከው።»

«አለርጂ ነው፣ እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰው ቆዳ ሁሉ አንድ አይደለም።»

ብልቃጡን ከፈተችና ፊቱ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ተቀባው።»

ደንበኞቹን አየ፤ ብልቃጡን አየ። እጁ ከኪሱ አልወጣም። ሰልፉ መሃል የቆሙ አንዲት ሴትዮ ያነሱትን ብልቃጥ ወደ መደርደሪያው መለሱት። ከኋላቸው ያለውም እንደዚያው አደረገ።

በሳምንቱ ቅባቱ ከመደርደሪያው ወረደ። ወንድሟ ለቃሚዋን ሐኪም ቤት ወስዶ አሳከማት፤ ይቅርታም ጠየቃት። ፊቷ ዳነ፤ ጉንጯ ላይ ጥቁር ምልክት ግን ቀርቷል።

እናታቸው በሰው ፊት አዋረድሽው ብለው አንድ ወር አኮረፏት። ወንድሟም ስምሽን ካርቶኑ ላይ አወጣለሁ፣ አብረን እንሥራ ሊላት ቤቷ ድረስ መጣ። በሩን ይዛ እስኪጨርስ ሰማችው።

«አንተ ራስህ ልትቀባው የፈራኸውን እያወቅህ ለሰው ሸጥክ» አለችው። «አሁን ጓደኛዬ ዘንድ ሂድ። እሷ ካመነችህ ተመለስ።»

እስካሁን አልተመለሰም። የእሷም ንዴት አልበረደም።