በሉላ ስፐርሎክ ቤት የተቆጠሩ

እኔ ሰው አያቶቹን ሲያሳምር ደሜ ይፈላል። ፖስታ ማደሉን በጡረታ ከተውኩ ወዲህ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ መዝገቦች ክፍል ውስጥ በነጻ አገለግላለሁ። ሰው ከኦሃዮና ከሚሺጋን ድረስ ኬንተኪ የኖረ ዘሩን ፍለጋ ይመጣል፤ የቆጠራና የጋብቻ መዝገብ እያገላበጥኩ እፈልግለታለሁ። ግማሹ የሚጠብቀው የቼሮኪ ቀይ ሕንዶች ልዕልት ነው። የከሰል ቆፋሪና የበቆሎ ገበሬ ሳወጣለት ፊቱን ያጠቁርብኛል። አንዱማ አያቱ ወላጆቹ በተጋቡ በአራተኛው ወር መወለዱን ሳሳየው፣ የጋብቻውን ዓመት ትንሽ ወደ ኋላ አድርግልኝ ብሎ ለመነኝ። «የተጻፈው ተጽፏል፤ ካልጣመህ በሩ ያውልህ» አልኩት። ባለቤቴ ሥራህ ሙት ማማት ነው ትለኛለች።

በ2012 ጸደይ፣ ሰባ ሁለት ዓመት በሕግ ተቆልፎ የኖረው የ1940 የሕዝብ ቆጠራ ለማንም ተከፈተ። በዚያው ሳምንት ሚስ ቨርናና ሚስ ኢሞጂን ተደጋግፈው ገቡ። ሚስ የምንላቸው ለአክብሮት ነው እንጂ ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረው በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ሲጨቃጨቁ ውለው ሲጨቃጨቁ የሚያመሹ እህትማማቾች ናቸው። ቨርና ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሉላ ስፐርሎክ የወለደቻት። ኢሞጂን በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች፤ እሷን ሉላ አልወለደቻትም። እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት፣ አባቷም ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ሲቀር፣ ሉላ ከጎረቤት አንስታ አሳደገቻት። ይህን አገር ያውቀዋል።

የኢሞጂንን ወላጆች የጋብቻ ወረቀት ያገኘሁላት አምና ነው። አመስግናኝ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛም አላነሣችውም። ጭንቀቷ ሌላ ነበር። ከድሮው ቤታቸው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሉላ ተቀብራለች፤ ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ቀርቷል። ቦታው የቨርና ነበር፤ ቨርና ለኢሞጂን ለቀቀችላት። ኢሞጂን ግን ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ካላት ወዲህ ድርቅ አለች፤ እማማ ለመንግሥት ሰው ማን ናት ብላ እንዳስቆጠረችኝ ሳላውቅ እዚያ አልተኛም፣ ልጄ ናት ካላለች ከባሌ ከሃርላን ጋር ከተማው መቃብር ቅበሩኝ አለች።

«ልጄ ትልዎት አልነበረ?» አልኳት።

«ለእኔማ ትለኝ ነበር» አለች። «እኔ የምፈልገው ለሌላ ሰው ስትናገር መስማት ነው።»

ቆጠራው ገና የስም ማውጫ አልተሠራለትም። ቆጣሪው ጅረቱን ተከትሎ ከቤት ወደ ቤት እንደሄደ፣ እኛም በኮምፒውተሩ ላይ ገጽ በገጽ ተከትለነው ወጣን። ስሙን እያነበብኩ እነሱ ሰፈሩን ይነግሩኛል።

«ኤስቲል ኮምስ» አልኩ።

«ድልድዩ ጋ» አለች ቨርና። «ዶሮ ሌባ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»

«ዲያቆን ነበር» አለች ኢሞጂን።

«ዲያቆንነቱ ከዶሮው ከለከለው?»

«እንዲህ እያማሽ ሰማይ ቤት ስትደርሺ በሩን የሚከፍትልሽ እሱ ይሁን።»

ከኤስቲል ቀጥሎ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ቀጥሎ የአንዲት መበለት ቤት መጣ። ገጾቹ ደብዛዛ ስለሆኑ አንዳንዱን ስም ለማንበብ ጊዜ ወሰደብኝ። «ይሄ ሰውዬ እስኪያገኘው እኔም አንቺም እንሞታለን» አለች ቨርና። «አንቺ ቅደሚያ፤ ታላቅ አይደለሽ?» አለቻት ኢሞጂን። እየሳቁ ነበር። የስፐርሎክ ቤት ሲመጣ ግን ሁለቱም ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

ኢሞጂን ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ከኮምፒውተሩ ማያ ላይ ግራጫ ነገር እንጂ ፊደል አይታያትም። «እንዳለ አንብብልኝ» አለች።

እኔ ደግሞ እንዳለው እንጂ ሌላ ማንበብ አላውቅም። አባወራውን ሆባርትን አነበብኩ፤ ሚስቱን ሉላን አነበብኩ፤ ልጃቸውን ቨርናን አሥራ አራት ዓመት ብዬ አነበብኩ። ከዚያ በታች አንድ መስመር ነበረ። «ኢሞጂን ፕሩት፤ አምስት ዓመት፤ ደባል።»

ኢሞጂን ቦርሳዋን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። «ደባል» አለች። «አልጋዋ ላይ አብሬያት እየተኛሁ ደባል።» «እንግዲህ ከሃርላን ጋር ነኝ» አለች። ምናለ ዓይኔ አላይ ባለኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ዶርሲ» አለችኝ፣ «ማን እንዲህ እንዳለው ይታወቃል?»

«ይታወቃል» አልኩ። «በዚያ ዓመት ቆጣሪው መልስ የሰጠውን ሰው ስም አጠገብ ክብ ያደርግና ውስጡ መስቀል ያስገባበታል።»

ክቡ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ከሉላ ስም አጠገብ ነው። አፌን ሳልከፍት የቨርና ጣት መጥቶ የእናቷ ስም ላይ አረፈ፤ ክቡን ሸፈነው።

«እኔ ጋ ነው» አለች ቨርና።

«ምን አንቺ ጋ?»

«ምልክቱ። በር የከፈትኩለት እኔ ነኛ። እማማ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። ያን ሰሞን ለፋሲካ ጫማ የተገዛው ላንቺ ነው፤ ለእኔ የለም። ቆሽቴ አሮ ነበር። ‹ይቺ ትንሿስ?› አለኝ፤ ‹ደባል ናት› አልኩት። ይኸው ነው።»

ኢሞጂን ወደ እኔ ዞረች። «እውነቷን ነው ዶርሲ?»

ቨርና አላየችኝም፤ ጣቷንም አላነሣችም። ከዚህ ክፍል ስንቱን ዋሾ አባርሬያለሁ። «አዎ» አልኩ፤ «ምልክቱ ሚስ ቨርና ስም አጠገብ ነው።» ለእንግዳ ሁሉ እንደማደርገው ገጹን ላትምልዎት ልል ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

የኢሞጂን ትከሻ ሲወርድ፣ ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

«አንቺ እባብ» አለች።

«እሺ» አለች ቨርና።

«ጫማውም ይጠበኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከእማማ ጎን እኔ እተኛለሁ። አንቺ ግን አጠገባችን ድርሽ እንዳትዪ። እታች አጥሩ ሥር ይቅበሩሽ።»

«እሺ።»

«እሾሁ ውስጥ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ኢሞጂን ምርኩዟን አንስታ፣ ልጇ መኪና ውስጥ ይጠብቃቸው ስለነበር፣ ብቻዋን ወጣች። በዚያ ሁሉ ዓመት ቨርናን ሳትደገፍ ደረጃ ስትወርድ አይቻት አላውቅም። ቨርና ከወንበሯ አልተነሣችም። እኔ ንዴቴ መጣ።

«ምን አደረጉኝ ሚስ ቨርና? አስዋሹኝ እኮ።»

«አንተ ስለራስህ ታስባለህ?» አለችኝ። «ቆጣሪው ሲመጣ እማማ አጠገብ ቆሜ ነበር። ‹የወለድሻት ናት?› አላት፤ ‹አይደለችም› አለችው። ‹የጉዲፈቻ ወረቀት አለሽ?› አላት፤ ‹የለኝም› አለችው። ‹እንግዲያስ ደባል ብዬ ልጻፋት› ሲላት ‹እንዳሉት ይሁን› አለች። እማማ ውሸት አይሆንላትም ነበር። ሰውዬው ሲሄድ ራት ሠርታ አበላችን፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ኢሞጂንን ታቅፋ ተቀመጠች።»

«ታዲያ ይህንኑ ይንገሯታ።»

«ብነግራትስ? ራቱን ትረሳዋለች፤ ደባል የሚለውን ይዛ ትሞታለች። እኔን ተቆጥታ ተቆጥታ ሲደክማት ትታረቀኛለች። ከሞተችው ከእማማ ጋር ግን እንዴት ትታረቃለች?»

«ባትታረቅዎትስ?»

«እንግዲያውስ አጥሩ ሥር ነኛ» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ፤ ደግፌ አስነሣኋት።

እስከ መኪናው ሸኘኋት። ኢሞጂን ሁልጊዜ ቨርና የምትቀመጥበት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ፊት ታያለች። ቨርና የፊቱን በር መያዣ ሞከረችው፤ ከውስጥ ተቆልፏል። እንደገና ሞከረችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ ዞረችና ከኋላ ገባች።