አስራ አንድ ጊዜ «አንቺ»

እኔ እስከ ዛሬ አምስት ጊዜ ሞቻለሁ። ሁለቴ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ፣ አንዴ ሞቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አንዴ ሬሳ ክፍል ብረት አልጋ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በረሃ ላይ፣ ያውም በኦገስት ሙቀት፣ ዝንብ ፊቴ ላይ እየተንሸራሸረ። ሥራዬ ነው። በሳምንት አራት ቀን ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ሲደወልልኝ ደግሞ የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ላይ ሬሳ እሆናለሁ። ትራንስ ሴት ስለሆንኩ፣ ወንድ ነው ተብዬ የተወለድኩ ሴት ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ሁኚ ያለኝ የለም። አንዴ ብቻ ከሬሳነት እድገት አግኝቼ ነፍሰ ገዳይ ሆኛለሁ። መጨረሻ ላይ መርማሪው ዊጌን ከራሴ ላይ መንጭቆ ሲያነሳው ሙዚቃው ድም ይላል፣ በቃ፣ ምስጢሩ ተፈታ ማለት ነው። እኔ እኮ ዊግ አላደርግም፣ ፀጉሬ የራሴ ነው። ዊጉን ከላይ የጫኑብኝ እነሱ ናቸው።

ይሄን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት እትዬ አምሳለን ነው።

እትዬ አምሳለን ፌርፋክስ ላይ የማያውቃት የለም። ቅመማ ቅመምና ነጠላ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፣ ግን ከሱቁ ይልቅ የሚሠራው ምላሷ ነው። በአፌ አንቱ እላታለሁ፣ እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። በሆዴ ግን ከአራት ዓመት ወዲህ አንቺ ናት፣ ለእናንተም ስነግራችሁ እንደ ሆዴ ነው።

ያደረገችኝን ልንገራችሁ። እናቴ ወርቅውሃ ዌስት አዳምስ ነው የምትኖረው። ሮሐ ነኝ ብዬ የነገርኳት ጊዜ አንድ ወር አለቀሰች፣ ከዚያ እንደ ምንም ብላ «አንቺ» ማለት ጀመረች። ስትታገል አያታለሁ። «ምሳ በላህ... ውይ በሞትኩት፣ በላሽ?» ትለኛለች። ያቺን አንዲት «ሽ» ሰምቼ ሳልበላ እጠግብ ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ እትዬ አምሳለ መጣችና ሶፋው ላይ ተደላድላ አንድ የወንጀል ድራማ ከፈተችላት። እንደኔ ያለች ልጅ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። «አየሽ ወርቅዬ፣ መጨረሻቸው ይሄ ነው» አለቻት። «ወይ ይገድላሉ፣ ወይ ይገደላሉ። አንቺ ባልሽው ቁጥር በገዛ እጅሽ እዚያ ገንዳ ውስጥ እየከተትሽው ነው። አንተ በይው፣ ይመለሳል።» እኔ ኪችን ቆሜ እሰማለሁ።

እናቴ ፈራች። ቴሌቪዥን የነገራትን ታምናለች፣ ዝናብ ይመጣል ካላት ጃንጥላ ይዛ የምትወጣ ሴት ናት። በማግስቱ «አንተ» አለችኝ፣ ምንም ሳትደናቀፍ። «አንቺ እስክትይኝ እግሬ እዚህ ቤት አይረግጥም» ብዬ ወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም። እትዬ አምሳለን ግን በየቀኑ አያታለሁ፣ መኪናዋን እኔ ጋ ነው ፓርክ የምታደርገው። ቁልፉን ስትወረውርልኝ «ያዝ!» ትለኛለች። ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን አገኝሻለሁ፣ እላለሁ በሆዴ።

አገኘኋት።

ባለፈው ስፕሪንግ ተዋናይ የምትመርጠው የካስቲንግ ልጅ ደወለችልኝ። እንደተለመደው ሬሳ ነው። አዲሱ ነገር ግን ሟቿ ኢትዮጵያዊት ናት፣ እናትየዋ ሬሳ ክፍል ገብታ በአማርኛ ታለቅሳለች። «ሶ፣ አማርኛውንም አንቺ ተርጉሚልን፣ ሌላ ሰው ከምንፈልግ» አለችኝ። ኦኬ አልኩ። በሳምንቱ ሃይሚ እየሮጠች መጣች። ሃይሚ ከፓርኪንጉ አጠገብ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፣ ጓደኛዬ ናት፣ መጥፎ ዕድሏ ሆኖ ደግሞ የእትዬ አምሳለ ልጅ ናት። «ሮሐ፣ አታምኚኝም! እማዬ ኦዲሽን አድርጋ የእናትየዋን ፓርት አገኘች! ሱቅ ለገባው ሁሉ ሆሊውድ ገባሁ እያለች ነው።»

ያን ቀን ሦስት መኪና የተሳሳተ ቦታ አቆምኩ።

የተላከልኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አጭር ነው። እናትየዋ ለሞተ ልጇ ምን አደረጉሽ ወይም ምን አደረጉህ፣ ይቅር በይኝ ወይም ይቅር በለኝ ትላለች፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እንግሊዝኛ ወንዱንም ሴቱንም «ዩ» ብሎ ይገላገላል። አማርኛ ግን መደበቂያ የለውም። ወይ «ህ» ነው ወይ «ሽ» ነው። ተርጓሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ልጄ፣ ምን አደረጉሽ? አንቺ እኮ ሴት ልጄ ነሽ። አንቺ አላልኩሽም፣ ይቅር በይኝ።» «ሴት ልጄ ነሽ» እና «አንቺ አላልኩሽም» የሚሉትን ከራሴ ጨመርኩበት፣ ምን ይመጣብኛል! የድራማው ቢሮ ተቀብሎ «አፕሩቭድ» ብሎ መለሰልኝ።

ቀረጻው ካልቨር ሲቲ ነበር። የሚቀረጽበትን ቦታ «ሴት» ነው የሚሉት። እዚያ ሴት የተባለው ቦታው ብቻ ነው፣ እኔማ ወረቀቱ ላይ «ወንድ፣ ሟች» ነበርኩ። አንገቴን ሰማያዊ ቀብተው ብረት አልጋ ላይ አጋደሙኝና እትዬ አምሳለን ጥቁር አልብሰው አስገቧት።

አየችኝ። «አንተ ነህ እንዴ!»

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ አምሳለ።»

«ይሄን ወረቀት የጻፈው ማነው?»

«ቢሮው ነው ያጸደቀው» አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሬሳ ነኝ፣ አላወራም።

ማልቀሱንስ ትችልበታለች፣ ለቅሶ ቤት ያደገች ነው የምትመስለው። ደረቷን እየደቃች «ልጄን! ምን አደረጉህ! ይቅር በለኝ ልጄ!» ስትል ዳይሬክተሩ እንባውን ጠረገ። «ካት! ግሩም ነው!» አለ። ያኔ ከብረት አልጋው ላይ ቀና አልኩ። መብራት የያዘው ሰውዬ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተሳስታለች» አልኩ። «የተጻፈውን አላለችም።»

ዳይሬክተሩ ዞሮ በትህትና፣ እባክሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ በይልን አላት። እሷ እኔን በጣቷ እያሳየች «ሂ ኢዝ ቦይ!»፣ ወንድ ነው፣ ብላ ጮኸች። እነዚህ ሰዎች እኮ በስክሪፕት ገንዳ ውስጥ ሲጥሉን ግድ የላቸውም፣ ቀረጻ ቦታው ላይ ግን እንደኔ ባለች ሴት አንዲት «ሂ» ከተሰማች ይርበደበዳሉ፣ ሥልጠና ወስደውበታል። የዳይሬክተሩ ረዳት እትዬ አምሳለን ወደ ጎን ወስዳ፣ ካልቻልሽ ሌላ ሰው እንጠራለን አለቻት። እትዬ አምሳለ ፌርፋክስ ላይ የነዛችውን ወሬ አሰበች፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ተመለሰች።

ሁለተኛው ቀረጻ ላይ «ምን አደረጉ...» ብላ ጫፉን ዋጠችው። «መጨረሻው አልተሰማም» አልኩ። ሦስተኛው ላይ «አንቺ»ን እንደ መራራ መድኃኒት ተፋችው። «እናት ልጇን እንዲህ አትልም» አልኩ። አምስተኛው ላይ «አንቺ አላልኩሽም» የሚለውን ዘለለችው። «አንድ መስመር ቀርቷል።» ሰባተኛው ላይ እያለቀሰች መስላ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እግዚአብሔር ይይልህ» አለችኝ። «ያልተጻፈ ጨምራለች» አልኩ። ስምንት። ዘጠኝ። አስር። ውሃ ሰጧት። አንድ ሰው እንኳ በቃ ያለላት የለም፣ አማርኛ የማውቅ ዳኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዘንሽላት ወይ ብትሉኝ፣ እሰይ! ቅንጣት አላዘንኩም። አስራ አንደኛው ላይ ድምጿ ተሰበረና ሁሉንም አለችው፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ «አሁን ልክ ነው» አልኩ።

ድራማው የወጣው በጥቅምት ነው። እትዬ አምሳለ ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ብላ ነበር፣ ግን ማን ይስማት! ስድስት ወር የተወራለት ነገር ነው። እሁድ ከሰዓት ሴቶቹ ሁሉ እቤቷ ተሰበሰቡ፣ እናቴም መጣች። ሃይሚ ራሷ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ከፈተችው፣ ለኔም ደውላ ስልኩን ሳትዘጋ ሶፋው ክንድ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ፓርኪንጉ ኪዮስክ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ።

መጀመሪያ ሳቅና ጭብጨባ። ቀጥሎ ከቴሌቪዥኑ ያ ድምጽ መጣ፦ «አንቺ እኮ ሴት ልጄ ነሽ። አንቺ አላልኩሽም፣ ይቅር በይኝ።» ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ወንድ ልጄ» ብለው ጽፈውበታል አሉ፣ አይ እነሱ! ግን እዚያ ቤት የሚያነብ የለም፣ ሁሉም የሚሰማ ነው። ልስቅ አፌን ስከፍት እናቴ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሰማያዊውን አንገቴን አይታ ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የእትዬ አምሳለን አፍ ሳስብ እናቴ ዓይን እንዳላት ረሳሁ።

«ወርቅዬ፣ ውሸት እኮ ነው፣ ድራማ ነው...» አለች እትዬ አምሳለ።

«ዝም በይ!» አለች እናቴ። «ለቴሌቪዥን አንቺ ካልሻት እኔን ለምን ከለከልሽኝ?»

«እስክሪፕቱ እኮ ነው፣ የሰጡኝን ነው ያልኩት!»

«እኔስ? አንቺ የሰጠሽኝን አይደል አራት ዓመት ሳነብ የኖርኩት! ልጄን አስጣልሽኝ፣ አምሳለ! ልጄን!»

አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ሃይሚ እየተንተባተበች «እትዬ ወርቅውሃ፣ ደህና ናት፣ ሮሐ ደህና ናት፣ ይኸው ስልክ ላይ ናት» ስትል ሰማሁ። እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ስድብም ነበረበት። አንዱም አልመጣልኝም።

«አለሽ?» አለች።

«አለሁ፣ እማዬ።»

«አንገትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ቀለም ነው። ይለቃል።»

አለቀሰች፣ ብዙ አለቀሰች። ከኋላዋ እትዬ አምሳለም ታለቅሳለች፣ እሷን ማንም አያባብላትም። እኔ ጋ አንድ ሰውዬ የመኪና ቁልፉን ዘርግቶልኝ ቆሟል፣ ቁም አልኩት በእጄ።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አለች እናቴ አፍንጫዋን ጠርጋ። «ሁለተኛ ሞተሽ ባይሽ እገልሻለሁ!»

«እሺ፣ እማዬ» አልኳት። «አልሞትም።»