ጨረቃ የዘገየችበት ወር

መምህር ታሪኩ ወላጅ አምጪ አለኝ። እኔን፣ የሠላሳ አንድ ዓመቷን ዓይናለምን! በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ በፊቱ ግን አንቱ እለዋለሁ፣ መምህር ነዋ።

ጥፋቴ መጠየቄ ነው። ደብረ ታቦር የማታ ተማሪ ነኝ። ሰሌዳው ላይ "የጨረቃ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ነው" ብሎ ጽፎ ሊያጠፋው ሲል እጄን አወጣሁ።

"ሁልጊዜ ተኩል ከሆነ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ እየተፈራረቁ መምጣት ነበረባቸው። የሠላሳ ቀን ወር ግን ሦስት ጊዜ ሲከታተል አይቻለሁ፤ ለምንድን ነው?"

"ፈተና ላይ አይመጣም።"

"እኔ ላይ ግን መጥቷል" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ የሱ ፊት ጠቆረ። ይቅርታ ጠይቂ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ውጪ አለኝ፣ ወጣሁ።

እውነቴን ነው። ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ እመቤቴ ስልክ የምትሰጠኝ በወር አንዴ፣ የጨረቃ መባቻ ዕለት ብቻ ነበር። ሃያ ዘጠኙ ሞልቶ "ዛሬ አይደለም፣ ነገ ነው" ስትለኝ ያቺን ትርፍ ቀን እንዴት እንደምጠላት እኔ ነኝ የማውቀው። አገሬ ገብቼ ደብተር የያዝኩት ለወረቀቱ ብቻ አይደለም። ያቺ ቀን ከየት እንደመጣችብኝ ማወቅ አለብኝ።

በማግስቱ እናቴን ወይዘሮ ውዴን ከገሳይ አስመጣኋት። ነጠላዋን አጣፍታ መምህራን ክፍል ገባች። ታሪኩ ወንበር ስቦላት ክሱን ጀመረ፤ ልጅዎ ሥርዓት የላትም፣ ክፍል ታውካለች፣ ይምከሩልኝ።

"ልመክራት አልመጣሁም" አለች እናቴ። "እሷ እዚያ ስልክ ስትጠብቅ እኔ እዚህ ኔትወርክ ያለበት ዳገት ላይ ተቀምጬ እውል ነበር። ሳትደውል ሲመሽ ልጄን ገደሉብኝ ይሆን እያልኩ እወርዳለሁ። ያቺ ጨረቃ ለምን ትዘገይ እንደነበር እኔም ልወቅ። ንገረኝ የኔ ልጅ።"

ታሪኩ ጠመኔ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሣለላት። የጨረቃ መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ወደ መሬት ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ታዘግማለች። መሬትም ፀሐይን ስትዞር እንዲሁ ናት። ወሩ የሚያልቀው ጨረቃ ዞራ በመሬትና በፀሐይ መካከል ስትደርስ ነው፤ የጨረቃም የመሬትም ፍጥነት ስለሚለዋወጥ አንዱ ወር ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ሃያ ዘጠኝ ተኩል አማካዩ ብቻ ነው። አቤት ሲያስረዳ!

ደሜ ፈላ። "ያውቁት ኖሯል!"

"ለማታ ተማሪ ይከብዳል ብዬ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "በቃ፣ ይቅርታ ትጠይቅና ትግባ።"

እናቴ ብድግ አለች።

"እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ገብቶኛል፤ እነሱን ምን ይከብዳቸዋል? ያባረርካት በሰው ፊት ነው፣ የምትመልስላትም በሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ማን እንደሚጠይቅ እዚያው እናያለን።"

እጄን ይዛ መማሪያ ክፍላችን ገባች። የፊተኛው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀችው።