ታብሌት ያቀራት ዘይነት

ሐጂ መስዑድ ታብሌቱን ከካርቶኑ ሲያወጡት መድረሳው በሙሉ አንገቱን አሰገገ። የመድረሳው ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ በሥራቸው የጨርቅ ነጋዴ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ደግሞ የትምህርት ፈላስፋ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ልጅ ቁርኣን በቁጣ አይቀራም አሉ። ይኸ ዕቃ ይሰማል፣ ያርማል፣ አይደክመውም፣ አይቆጣም። «አይቆጣም» ሲሉ ወደ መድረሳው አስተማሪ ወደ ኡስታዝ ሙሀመድየሱፍ ዞር ማለታቸውን ሁሉም አየ። ኡስታዙ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ።

በዚያ መድረሳ የቆየ ሥርዓት አለ። ትልቅ ልጅ ትንሽ ልጅ ይሰጠዋል፤ የትንሹን ንባብ አቃንቶ ኡስታዝ ፊት ካላቀረበ እሱም ወደፊት አይሄድም። ለአሥራ አምስት ዓመቷ ተቅዋ የደረሰቻት የሰባት ዓመቷ ዘይነት ናት፤ ትንሽዬ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሓ ሲሏት ሀ የምትል። እርግጥ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣው የዐረብኛው ሓ ለማናችንም አይቀልም። ዘይነት ግን የምታመካኘው በጥርሷ ነው፤ ጉሮሮ ጥርስ ያለው ይመስል።

ተቅዋ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አልነበራትም። ቅዳሜ ወረታ ላይ የቁርኣን ንባብ ውድድር አለ፤ ከመድረሳው አንዲት ልጅ ትሄዳለች፤ ያቺ ልጅ ተቅዋ መሆኗን ደግሞ ተቅዋ ከሁሉም ቀድማ አውቃዋለች። የቀረው ዘይነትን ማስፈተን ብቻ ነው። ስለዚህ ታብሌቱን ለዘይነት አስታቀፈቻትና ከጓደኞቿ ጋር ከተማው ሐይቅ ዳር ማንጎ ጁስ ልትጠጣ ሄደች። ለእናቷ ድምፅ ልትለማመድ እንደሆነ ነገረቻት። ተለማምዳ ከሆነ የሐይቁ ጉማሬ ይመስክር።

ታብሌቱ አንጀቱ ቅቤ ነበር። ዘይነት ሀ ስትል «ድንቅ ነው» ይላታል። ስታዛጋ «እጅግ ጎበዝ ነሽ» ይላታል። አንድ ቀን አስነጥሳ ኮከብ ተሸልማለች። ከኮከቡ ብዛት የተነሳ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች፤ አንገቷ ቀና አለ፤ እናቷ ወጥ ስታቀርብላትም «ጥሩ ሙከራ ነው» አለቻት አሉ። ሐጂ መስዑድ ኮከቦቹን ባዩ ጊዜ ፈተናው በእንግዳ ፊት ይሁን ብለው አንድ የኮሌጅ መምህር ጋበዙ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዘይነት ከእንግዳው፣ ከሐጂውና ከኡስታዙ ፊት ቆመች። ፊደሉን ሲያሳዩዋት ሳትፈራ ሀ አለች።

«ድገሚ» አሉ ኡስታዙ።

ሀ።

«ድገሚ።»

ዘይነት ግራ ገባት። ጠጋ ብላ፣ ሽማግሌን እንደሚመክር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኡስታዝ፣ እንደሱ አይባልም። ጎበዝ ነው የሚባለው» አለቻቸው።

መድረሳው በሳቅ ፈነዳ። ዘይነት መጀመሪያ አብራ ሳቀች፤ የሚሳቀው በእሷ መሆኑ ሲገባት ማልቀስ ጀመረች። ሐጂ መስዑድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ዕቃው እንከን እንደሌለበት ለእንግዳው አስረዱ። ልጅቷ ናት ምላሷ የከበደ፤ ቤቷ ትዋልና የሚመጣው ዓመት ትሞከር አሉ።

ኡስታዙ ይህን እንዳልሰማ ሰው ወደ ትልልቆቹ ተማሪዎች ዞሩ።

«ማን ናት ያቀራቻት?»

ተቅዋ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ታብሌቱ፣ በኮሚቴው ትእዛዝ። ውሸት የለበትም። ሐጂው ያፍራሉ፣ ኡስታዙ በልባቸው ደስ ይላቸዋል፣ እሷ ወረታ ትሄዳለች። እንዲህ የተመቸ እውነት በዓመት አንዴ አይገኝም። ዘይነት ግን በእንባዋ መሐል እሷኑ እያየች ነው። ተሳስቻለሁ ወይ ብላ የምትጠይቀው ሌላ ሰው የላትም።

«ለእኔ ነበር የተሰጠችው» አለች ተቅዋ። «አላቀራኋትም። ትቻት ሄድሁ። ምላሷ ምንም አልሆነም።»

ኡስታዙ ምክር አላበዙም፤ ዘይነት እዚሁ መድረሳ ትቀጥል፣ ወረታ ሌላ ልጅ ትሂድ አሉ። ሐጂ መስዑድ ለእንግዳው ይህ ገና የሙከራ ምዕራፍ መሆኑን ነገሩት። እንግዳው ራሱን አጥብቆ ነቀነቀ፤ የተማረ ሰው ነዋ።

ቅዳሜ ጧት የወረታው ሚኒባስ ሲነሳ ተቅዋ የመድረሳው ምንጣፍ ላይ ነበረች። የዘይነትን መዳፍ ከልጅቷ ከራሷ አፍ ፊት አድርጋ መስታወት ላይ እንደሚተነፍስ ሰው ተንፍሺ አለቻት። ዘይነት ሀ አለች። አሁንም ሀ። ተቅዋ ተቆጣች፣ ለመነች፣ ራሷን ያዘች፣ እንደገና ተቆጣች። ፀሐይዋ መስኮቱን ካለፈች በኋላ አንዲት ሓ ወጣች፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ደህና ሓ። ተቅዋ አፏን ሳትከፍት ዘይነት ራሷ አወቀቻት፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ደግማ አለቻት፤ አሁንም ወጣች።

ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ጣቷን ወደሚቀጥለው ፊደል አሻገረች። የሚቀጥለው ኻ ነው። እሱ ደግሞ ይብሳል።