ደረቁ ሚስማር

ጫማ ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «ዝምተኛው» ይላቸዋል። ዝምተኛ ሆነው አይደለም፤ ወሬ ከተነሳማ ማን ይችላቸዋል! ግን ቀኑን ሙሉ አፋቸው ሚስማር ይዞ ይውላል። ለአንድ ተረከዝ ሰባት ጥቃቅን ሚስማር አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፣ በምላሳቸው አንድ በአንድ ወደ ከንፈራቸው እየገፉ ያወጣሉ፣ በመዶሻ ይመታሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ስለዚህ ሱቁ አንድ ሕግ ነበረው፤ አፋቸው ባዶ እስኪሆን ማንም አያናግራቸውም፣ ማንም አያስቃቸውም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳለች ምሳ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ቆማ ሚስማሩን ትቆጥር ነበር። ሰባተኛው ሲገባ እሷም ትገባለች።

ያን ቀን ሕጉን የጣሰችው ልጃቸው ናት። ባዮሎጂ ታስተምራለች። በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች፤ ርዕሰ መምህሩ አዲስ ጫማ ጠቦት ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት እንዴት እንደተራመደ ካልነገረች ሆዷ ሊፈነዳ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እሷም ደፉን ሳታልፍ ሆዷን ነፍታ፣ ቂጧን ወደ ኋላ ጥላ፣ በጣቶቿ ጫፍ መራመድ ጀመረች። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ከመሳቁ በፊት ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል።

መዶሻው ወደቀ። አባቷ አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስሉ ጀመር፣ ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። አንድ እግሯን በካልሲ አስቀምጣ ተረከዟን የምትጠብቅ ደንበኛ ነበረች፤ ብድግ ብላ ጀርባቸውን ልትደቃ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ከሳሉ አየር አለ ማለት ነው፣ ይሳሉ አለቻት። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። ሦስት ሚስማር ሽርጣቸው ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ሦስቱ ቀድመው ተረከዙ ላይ ተመትተዋል። ከሰባቱ የቀረው አንድ ነው።

ሳሉ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። አባቷ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ጥቂት ዳበሱና አንድ ሚስማር በሁለት ጣታቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«ይኸው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተፍቼዋለሁ» አሉና መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

ደንበኛዋ እሰይ ብላ ተቀመጠች። አባቷም መዶሻቸውን አነሱ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እፎይ ይል ነበር፤ ልጅቷም እፎይ ልትል ትንሽ ነው የቀራት። ግን ሽርጡ ላይ ያሉት ሦስቱ ሚስማሮች በምራቅ ርሰው ያብረቀርቃሉ። መዳፏ ላይ ያለው ደረቅ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የሚስማሩ ሣጥን አለ።

ክው አለች። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትስለው ሥዕል ፊቷ ድቅን አለ። የአየር ቧንቧው ደረት ውስጥ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ልብን ለማሳለፍ ጋደል ይላል፣ ቀኙ ሰፊ፣ አጭር፣ ቀጥ ያለ ነው። «ስለዚህ ባዕድ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ወደ ቀኝ ነው፤ ጻፉ» ትላለች። ቧንቧው ከጊዜ በኋላ ባዕዱን ይለምደዋል፣ ሳሉም ጋብ ይላል፤ ጋብ አለ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ጻፉ ትላለች። ይጽፋሉ፣ እሷም ታጠፋዋለች። ያ ሥዕል የአንድ ሰው ደረት መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ሄዳ ጆሮዋን ጀርባቸው ላይ ለጠፈች። በግራ በኩል ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ ይገባል፣ ይወጣል። በቀኝ በኩል ከታች ቀጭን ፉጨት ሰማች፤ ከዚያ ምንም።

«ምን ታዳምጫለሽ፣ ሬዲዮ መሰልኩሽ?» አሉ አባቷ።

«አባባ፣ ሚስማሩ ደረቅ ነው።»

መዶሻቸውን ማገላበጥ ያዙ። ቀስ ብለው፣ ብውጠው ነው፣ በሆድ የገባ ነገር መውጫውን ያውቃል፣ ዝም በይ አሉ። ዝም አላለችም። ደንበኛዋን አንድ እግሯን በካልሲ እንዳለች ጥላ፣ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባቻቸው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሳል የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በሩ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎበታል። አባቷ ቀድመው ደህና ነኝ፣ ልጄ ፈሪ ናት አሉት። ሐኪሙም ጉሮሯቸውን በባትሪ አይቶ፣ ሳል ከተመለሰ ይምጡ ብሎ ብዕሩን አነሳ። ልጅቷ ደረቁን ሚስማር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከአፋቸው የወጡት ሦስቱ እርጥብ ነበሩ አለችው፤ ቀኙን ሳያዳምጡ አልወጣም፣ ከፈለጉ ዘበኛ ይጥሩ። ሐኪሙ ተናደደ። ቢሆንም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ግራውን ቶሎ ጨረሰ። ቀኙ ላይ ቆየ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ እንደገና ቆየ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

ራጁ ላይ ሚስማሩ በቀኝ በኩል ወለል ብሎ ታየ። ጠፍጣፋው ራሱ ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ነው። የሳንባ ሐኪሟ መጥታ አየችውና ሳትለሳልስ ተናገረች፤ አንድ ጠንካራ ሳል የቧንቧውን ግድግዳ ሊያስወጋው ይችላል፤ አስተኝተው በአፍ በኩል ቱቦ አስገብተው በመቆንጠጫ ይሞክራሉ፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ ደረት መከፈቱ ነው።

አባቷ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆነው ሲጠብቁ እጃቸውን ያዘች። ለምን ዋሹኝ አለች።

«እናትሽ የሞተች ጊዜ ‹ቶሎ ባመጣት ኖሮ› እያልሽ ስንት ዓመት አለቀስሽ?» አሉ። «እኔ ደግሞ ‹ልጄ አስቃኝ ሞትኩ› ልበል? እሱንማ ከነሚስማሩ ይዤው እሄዳለሁ አልኩ።»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት አልጋው ተንቀሳቀሰ፣ በሩም ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን መቁጠር ያዘች። ሰው በደቂቃ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል ብላ ታስተምራለች። የሷ ሠላሳ አለፈ። አንድ ጊዜ ነርስ ሮጣ ወጥታ ሌላ መቆንጠጫ ይዛ ተመለሰች፤ ልጅቷ ለመጠየቅ ተነስታ ሳትደርስባት በሩ ተዘጋ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ የሳንባ ሐኪሟ ወጣች፣ መሸፈኛዋን ዝቅ አደረገች፣ ሚስማሩ የገባበትን ትንሽ ብልቃጥ አንቃጨለች። ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በአሥረኛው ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ሱቁ ስትሄድ የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ተሰማት። ደፉ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቆጠረች። ሚስማሮቹ አሁን ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ እሷ ግን አልገባችም።

«ግቢ እንጂ፣ አፌ ባዶ ነው» አሉ አባቷ። አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን ምላሳቸውን አሳዩዋት። «ያ ሰውዬ ጫማው ጠቦት ምን ሆነ? ሳትጨርሺልኝ ነው የወሰድሽኝ።»

እንቢ አለች። ለመኗት። በመጨረሻ ሆዷን ነፋች፣ በጣቶቿ ጫፍ ሁለት እርምጃ ሄደች። አባቷ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ እሷም በዚያው ቅጽበት የራሷን ያዘች። ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። መራመዱን ትታ በኋላቸው ዞረችና ጆሮዋን ጀርባቸው ላይ አስጠጋች። በግራም በቀኝም ሳቅ ነበር።