በፎሌ መውረድ

ስድስት ዓመት ሙሉ ብናገር ብናገር የሚሰማኝ ጠፋ። መኪናዋ የእኔ ናት፤ ባሌ ሲሞት የቀረልኝን ቤት ሸጬ የገዛኋት ሚኒባስ ናት። የሚነዳት ያለው የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከብቸና ሞጣ ድረስ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ ማርሽ ነቅሎ፣ በፎሌ፣ በፍሬን ብቻ እየያዘ ይለቃታል። «ናፍጣ እየቆጠብኩልሽ ነው» ይለኛል። ፍሬኑ ሲያር ለእኔ ብቻ ነው መሰል የሚሸተኝ።

ሞጣ ላይ የሚጠግናት መካኒክ ከማሉዲን ይባላል። አንድ ቀን ወንድሜ ባለበት፣ በፎሌ መውረድ ናፍጣ ይቆጥብ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ማርሽ ላይ ሆኖ እግሩን ከነዳጁ ካነሳ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ናፍጣ አይሄድም» አለኝ። «ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬኑም ይቃጠላል፣ እትዬ ጥሩአየሁ።»

ያለው ሳቀ። «እሱ ብሎኑን ይፍታ። ነጂው እኔ ነኝ።»

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ መለካት ግን ማን ይከለክለኛል? አንዱን ሐሙስ ያለው እንደ ልማዱ በፎሌ ሄደ፤ የሚቀጥለውን በማርሽ እንዲወርድ ለመንኩትና እሺ አለ። ሁለቱንም ጊዜ ስንነሳ ሰልባትዮዋን በናፍጣ እስከ አንገቷ ሞላናት። ደርሰን ስንመለስ የጎደለውን ከሙሉ ጀሪካን ቀድቼ ጨመርኩና፣ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን በከሰል አሰመርኩ። ሁለቱ መስመሮች ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸው። እንዲያውም በፎሌ የሄደው በጣት ያህል በልጦ ጠጥቷል።

«ያን ቀን ነፋሱ ከፊት ነበር፣ እታለም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ነፋሱ ከፊትህ ነው?»

በሦስተኛው ሐሙስ ሰው ሞልተን ስንሄድ፣ ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ እጁ ወደ ማርሹ ሄደ።

«አቁም!» አልኩት። ቆመ።

ወርጄ የተሳፋሪውን በር ከፈትኩ። «ይህ ሰው በፎሌ ሊለቃት ነው። የፋሲካ ሰሞን እዚህ መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ እንቢ ብሎት ገደሉ አፍ ላይ ነው የቆመው። መሞት የሚሻ ይቀመጥ፤ የቀራችሁ ከእኔ ጋር በእግር ውረዱ።»

መጀመሪያ የወረዱት ሰባ ያለፋቸው ቄስ፣ አባ ወልደ ሰንበት ናቸው። «እኔስ ገና ንስሐ ያልገባሁበት አለኝ» አሉ። የሞጣዋ ጨርቅ ነጋዴ ዘሚራ ጥቅልሏን ተሸክማ ተከተለች። «ያለው፣ ናፍጣህን ብቻህን ቆጥብ!»

አንድም ሰው አልቀረ። እሱም በእልህ ባዶዋን በፎሌ ለቀቃት።

እታች ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የፊት ጎማው ይጨሳል።

«ግቡ በቃ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«እታለም፣ ሰው እያየኝ?»

«ልትገድለው የነበረውስ ሰው እያየህ አይደለም?»

እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። አባም፣ ዘሚራም፣ ሁሉም ከኋላዬ ቆሙ። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ተሳፋሪው ሁሉ በሚያልፍ አይሱዙ ወደ ሞጣ ሲጫን፣ እኔም ያለውን እዚያው ከመኪናዋ ጋር ትቼ፣ ከማሉዲንን «ሌላ ነጂ ፈልግልኝ» ልለው አብሬ ተጫንኩ።